የጎደለው የካርድ ማስገቢያ ዋጋው ስንት ነው?

ካኖን የተሰኘው የጃፓን ካሜራ አምራች ኩባንያ እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2017 ‹‹6ዲ ማርክ 2›› የተባለ መካከለኛ ደረጃ ያለው ዲጂታል ካሜራ ይፋ አደረገ። ዋጋው 1,999 ዶላር ነበር። ካሜራው ገና መደብር ሳይደርስ፣ አንድም ገዢ እጅ ሳይገባ፣ በየአገሩ ያሉ ፎቶ አንሺዎች በሁለት ጎራ ተከፍለው መከራከር ጀመሩ። የክርክሩ መነሻ ካሜራው ያለው ነገር ብቻ አልነበረም። ይበልጡን ያነጋገረው የሌለው ነገር ነው።

ከውጭ ሆኖ ለሚመለከት ነጋዴ ይህ የባለሙያዎች ማጉረምረም ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። አንድ አምራች ከመካከለኛው ዕቃው ላይ ምን እንደሚያጎድልና ለምን እንደሚያጎድል የተረዳ ሰው፣ ውዱን ዕቃ በመጋዘን ይዞ መቀመጥ መቼ እንደሚያከስር ቀድሞ መገመት ይችላል። ካሜራ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ዋጋዎቹም ካሜራዎቹ ይፋ በተደረጉበት ወቅት ለአሜሪካ ገበያ የተተመኑ፣ ሌንስን የማይጨምሩ ናቸው።

ያለውና የጎደለው

በቅድሚያ የተመሰገነበትን እንመልከት። 6ዲ ማርክ 2 በቀድሞው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ስፋት ልክ የተሠራ፣ ማለትም ‹‹ፉል ፍሬም›› የሚባል ሴንሰር አለው። የምስሉ ጥራት 26.2 ሜጋፒክስል ነው። ከጀርባው ያለው መስታወት ወደ ጎን ተከፍቶ ይዞራል፤ በጣት ሲነካም ይታዘዛል። በዚህ መስታወት እያዩ ሲያነሱ ካሜራው ትኩረቱን ፈጥኖ ያስተካክላል። ለተጓዥ፣ ለቤተሰብ ፎቶ አንሺና ከአነስተኛ ካሜራ ከፍ ማለት ለሚፈልግ ሰው ይህ በቂ ብቻ ሳይሆን ከበቂ በላይ ነበር። ይህ ጎራ ‹‹ሥራዬን ይሠራልኛል›› ብሎ ተቀበለው።

በሌላው ጎራ የተሰሙት ቅሬታዎች በሦስት ይጠቃለላሉ። የመጀመሪያው ካሜራው 4ኬ የሚባለውን ከፍተኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ አለመቅረጹ ነው። በ2017 በርካታ የእጅ ስልኮች ይህን ያደርጉ ስለነበር ባለ 1,999 ዶላር ካሜራ አለማድረጉ አነጋገረ። ሁለተኛው የመልክዓ ምድር ፎቶ አንሺዎች ቅሬታ ነበር። ፎቶው በጥላ የጨለመውን ክፍል በኮምፒዩተር ለማብራት ሲሞከር፣ ውጤቱ በ2012 ከወጣው ከመጀመሪያው 6ዲ የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ሦስተኛውና ከሰርግና ከዝግጅት ፎቶ አንሺዎች የመጣው ደግሞ ካሜራው የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያው አንድ ብቻ መሆኑ ነው።

ከሦስቱ ቅሬታዎች ለገበያው ትንታኔ ይበልጥ የሚጠቅመን ይህ የመጨረሻው ነው።

ሰርግ አይደገምም

ሁለት የካርድ ማስገቢያ ያለው ካሜራ እያንዳንዱን ፎቶ በአንድ ጊዜ በሁለት ካርድ ላይ መመዝገብ ይችላል። አንደኛው ካርድ ቢበላሽ ሁለተኛው አለ። በእርግጥ ካርድ በየቀኑ አይበላሽም። ሆኖም የተበላሸ ዕለት የፎቶ አንሺው ኪሳራ የካርዱ ዋጋ ብቻ አይደለም። ሙሽሮቹ ተመልሰው አይሞሸሩም፤ ሽማግሌዎቹም ተሰብስበው ዳግመኛ አይመርቁም። የተቀበለውን ገንዘብ ቢመልስ እንኳ ስሙን አይመልሰውም። በመሆኑም ሁለተኛው ማስገቢያ ለእርሱ እንደ መድን ዋስትና ነው። ለመድን ደግሞ ሰው ይከፍላል።

ላሊበላን ጎብኝቶ ፎቶ የሚያነሳ ቱሪስት ግን ሁለተኛ ማስገቢያ ኖረም አልኖረም ግድ አይሰጠውም። ስለዚህ ይህች ትንሽ ቀዳዳ እንደ ወንፊት ታገለግላለች። በካሜራው እንጀራ የሚበላውንና በካሜራው የሚዝናናውን ትለያለች። አምራቹም ማን ብዙ መክፈል እንደሚችል ሳይጠይቅ ማወቅ ይችላል፤ ገዢው ራሱ በምርጫው ይነግረዋልና።

‹‹ምናልባት ማስገቢያው ውድ ይሆን?›› የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። የገበያው ታሪክ ይህን አይደግፍም። ኒኮን በ2010 በ1,199 ዶላር ባወጣው ዲ7000 ካሜራ ላይ ሁለት ማስገቢያ ነበረው። በ2014 በ2,299 ዶላር ያወጣው ዲ750ም እንዲሁ ሁለት ነበረው። ካኖን ራሱ በ2016 በ3,499 ዶላር ባቀረበው ‹‹5ዲ ማርክ 4›› ላይ ሁለት ማስገቢያ አድርጓል፤ 4ኬ ቪዲዮም ጨምሯል። መልሱን የምናገኘውም እዚሁ ላይ ነው። በ1,999 እና በ3,499 ዶላር መካከል የ1,500 ዶላር ልዩነት አለ። 6ዲ ማርክ 2 ሁለት ማስገቢያና 4ኬ ቢኖረው ኖሮ ብዙው የሰርግ ፎቶ አንሺ 1,500 ዶላር ጨምሮ 5ዲ የሚገዛበት ምክንያት ይሳሳ ነበር።

አጥር የማጠር ኢኮኖሚክስ

ይህ አሠራር የካሜራ ኩባንያዎች የፈጠሩት አይደለም። ዡል ዱፑዊ የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስና የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1849 የባቡር ታሪፍን ሲያጠና አንድ ነገር አስተዋለ። የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎዎች ጣራ ያልነበራቸው ጣራ መሥራት ውድ ስለሆነ አልነበረም። ሁለተኛ ማዕረግ መክፈል የሚችለው መንገደኛ ወደ ሦስተኛ እንዳይወርድ ለማስፈራራት ነበር። ዝናቡ የወረደው በድሃው ላይ ይሁን እንጂ የተነጣጠረው መክፈል በሚችለው ላይ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ ዴኔክሬና ማካፊ የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ምሁራን ይህንኑ ‹‹የተጎዳ ዕቃ›› ብለው በጥናት አቀረቡት። ከምሳሌዎቻቸው አንዱ የአይቢኤም ማተሚያ ነበር። ርካሹ ማተሚያ ከውዱ ጋር በአመዛኙ አንድ ሆኖ ሳለ፣ በደቂቃ በ10 ገጽ ፋንታ 5 ገጽ ብቻ እንዲያትም ሆን ተብሎ እንዲዘገይ ተደርጎ ነበር።

በአገራችን ገበያ ማኛና ሰርገኛ ጤፍ በዋጋ የሚለያዩት ጤፎቹ ራሳቸው ስለሚለያዩ ነው። እዚህ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አንዱን ማኛ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹ ላይ አውቆ ጥቂት አሸዋ ጨምሮ በርካሽ እንደመሸጥ ይቆጠራል። አሸዋ መጨመር ወጪ ቢኖረውም ነጋዴው ያተርፋል።

እንዴት እንደሚያተርፍ በግምት ቁጥር እናሳይ። 100 ገዢዎች አሉ እንበል። 30ዎቹ የሰርግ ባለሙያዎች ናቸው፤ 3,499 ዶላር መክፈል ይችላሉ። 70ዎቹ ከ2,000 ዶላር በላይ አያወጡም። ኩባንያው ሁሉን ያሟላ አንድ ካሜራ በ1,999 ዶላር ቢሸጥ 199,900 ዶላር ያገኛል። በ3,499 ዶላር ብቻ ቢሸጥ 30ዎቹ ብቻ ይገዙና 104,970 ዶላር ያገኛል። አጥር አጥሮ ሁለቱንም በየዋጋው ቢሸጥ ግን ገቢው 244,900 ዶላር ይሆናል። ከመጀመሪያው አማራጭ ጋር ሲነጻጸር 45,000 ዶላር ብልጫ አለው። ይህ ብልጫ የመጣው ከ30ዎቹ ባለሙያዎች ኪስ ነው።

ሚዛናዊ ለመሆን ግን ሌላውንም ወገን ማየት ይገባል። አጥር ማጠር ባይቻል ኩባንያው በ3,499 ዶላር ብቻ መሸጥን የሚመርጥበት ጊዜ አለ። ያኔ 70ዎቹ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ስለዚህ የጎደለው ማስገቢያ ባለሙያውን ቢያስቆጣም፣ ለአማተሩ ፉል ፍሬም ካሜራ በ1,999 ዶላር እንዲያገኝ በር የከፈተው እርሱ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ቀደምም ታይቷል

ካኖን በፌብሩዋሪ 2003 ‹‹10ዲ›› የተባለ ካሜራ በ1,499 ዶላር አወጣ። ከስድስት ወር በኋላ፣ በኦገስት 2003፣ ‹‹300ዲ›› የተባለውን በ899 ዶላር አቀረበ። ሁለቱም ባለ 6.3 ሜጋፒክስል አንድ ዓይነት ሴንሰር ነበራቸው። ሌንስ የሚቀየርለት ዲጂታል ካሜራ ከ1,000 ዶላር በታች ማግኘት በዚያን ጊዜ ትልቅ ዜና ነበር። ከስድስት ወር በፊት 600 ዶላር ጨምሮ 10ዲ የገዛው ሰው ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም።

ካኖን በርካሹ ካሜራ ላይም አጥር አጥሮ ነበር። አካሉ ፕላስቲክ ሆነ። በተከታታይ የሚያነሳው ከአራት ፎቶ አይበልጥም። የፍላሹን ብርሃን መጨመርና መቀነስ አይቻልም፤ የብርሃን አለካክ ስልትንም እንደልብ መምረጥ አይቻልም። ብዙም ሳይቆይ ግን ተጠቃሚዎች አንድ ነገር ደረሱበት። ከጎደሉት ነገሮች አንዳንዶቹ በካሜራው ውስጥ ባለው ሶፍትዌር ተቆለፉ እንጂ ከናካቴው አልጠፉም። ‹‹ዋሲያ›› በሚል ስም የሚታወቅ የተሻሻለ ሶፍትዌር ተሰራጨና የፍላሹ ማስተካከያ ተመለሰ። በብርሃን እጥረት ወቅት የሚያገለግለው አይኤስኦ 3200ም ሥራ ጀመረ። ቁልፉ ከተገኘ በኋላ የአጥሩን ምንነት ለማስተባበል የሚያስችል ቦታ አልቀረም።

ሆኖም አጥሩን ከመሠረቱ የነቀነቀው ተፎካካሪ ነው። ኒኮን በጃንዋሪ 2004 ‹‹ዲ70››ን በ999 ዶላር አወጣ። ከ300ዲ በ100 ዶላር ብቻ ይበልጣል፤ የብርሃን አለካክን፣ የትኩረት ስልትንና የፍላሽ መጠንን መምረጥ ግን ይቻላል። በፌብሩዋሪ 2005 ካኖን ተተኪውን ‹‹350ዲ›› በዚያው በ899 ዶላር ሲያቀርብ፣ በ300ዲ ላይ የነፈጋቸውን እነዚህን ነገሮች መልሶ ነበር። የደንበኞች እሮሮ ከኦገስት 2003 ጀምሮ ሲሰማ ቆይቷል። የአምራቹ እጅ የተፈታው ግን ጎረቤቱ በዚያው ዋጋ አካባቢ ሱቅ ከከፈተ በኋላ ነው።

አጥሩን ያፈረሰው ማን ነው?

ታሪኩ በ6ዲ ማርክ 2 ላይ ተደገመ። ከስምንት ወር በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2018፣ ሶኒ ‹‹አልፋ 7 ማርክ 3››ን ይፋ አደረገ። ዋጋው 1,999 ዶላር፣ ማለትም ከካኖን ጋር እኩል ነበር። ካሜራው 4ኬ ይቀርጻል። በሰከንድ እስከ 10 ፎቶ ያነሳል። ሁለት የካርድ ማስገቢያም አለው።

ሶኒ ይህን ያደረገው ከካኖን ይልቅ ለጋስ ስለሆነ ነው ማለት አይቻልም። በባለሙያው ገበያ ካኖንና ኒኮን ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሥር የሰደዱ ነበሩ፤ ሶኒ ግን ዘግይቶ የገባ ነው። ነባሩ ኩባንያ መካከለኛውን ዕቃ ባሻሻለ ቁጥር የራሱን ውድ ዕቃ ገበያ ይሻማል። አዲስ ገቢው ግን በአብዛኛው የሚሻማው የሌላውን ገበያ ነው። አጥር የሚጠብቀው ከብት ያለው ሰው ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ፎቶ አንሺውን ከአንድ ኩባንያ ጋር የሚያስተሳስረው ከካሜራው ይልቅ የሌንሶቹ ስብስብ ነው። የካኖን ሌንስ ያለው ሰው ሌላ ካሜራ ለመግዛት ሌንሶቹን ሁሉ መሸጥ ነበረበት። ይሁንና በዚያን ጊዜ የካኖንን ሌንስ በሶኒ ካሜራ ላይ የሚያሠሩ አገናኞች ገበያ ላይ ውለው ነበር። የመለወጫው ወጪ ሲቀንስ የገዢው የመደራደር አቅም ከፍ አለ።

ይህም ሆኖ ነባሮቹ ወዲያው እጅ አልሰጡም። ኒኮን በኦገስት 2018 ‹‹ዜድ6››ን፣ ካኖን ደግሞ በሴፕቴምበር 2018 ‹‹ኢኦኤስ አር››ን ይዘው መጡ። ሁለቱም አንድ ማስገቢያ ብቻ ነበራቸው፤ ከሰርግ ፎቶ አንሺዎች የተሰማውም ያው የቀድሞው ቅሬታ ነበር። ልዩነቱ አሁን ቅሬታ አቅራቢው ‹‹ካልሆነ ሶኒ አለ›› ማለት መቻሉ ነው። በ2020 ካኖን ‹‹አር6››ን፣ ኒኮን ‹‹ዜድ6 ማርክ 2››ን ሲያወጡ ሁለቱም ሁለት ማስገቢያ ነበራቸው።

ማስገቢያው ተመለሰ፣ ዋጋውም ወጣ

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የሸማቹ ድል ተብሎ ይመዘገብ ነበር። የዋጋውን ዝርዝር ስንመለከት ግን ሌላ ነገር እናያለን። የኒኮን ዜድ6 ማርክ 2 በ2,000 ዶላር አካባቢ ቆየ። የካኖን አር6 ግን 2,499 ዶላር ሆነ። ሶኒ በ2021 ‹‹አልፋ 7 ማርክ 4››ን ሲያወጣ እርሱም 2,499 ዶላር ጠየቀ። ኒኮንም በ2024 ‹‹ዜድ6 ማርክ 3››ን በዚያው ወደ 2,500 ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ተከተለ። ካሜራዎቹ ከቀደሙት በብዙ ነገር መሻሻላቸው አይካድም። ገዢው ግን በ2017 በ2,000 ዶላር የጠየቀውን ነገር በአብዛኛው ያገኘው 500 ዶላር ጨምሮ ነው።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የገበያው መጥበብ ነው። የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር አኀዝ እንደሚያሳየው በ2010 ለገበያ የተላከው ዲጂታል ካሜራ 121 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ2020 ከ9 ሚሊዮን በታች ወርዷል። የእጅ ስልክ ርካሹን ካሜራ ከገበያ አስወጥቶታል። የገዢው ቁጥር ሲያንስ አምራቹ ከእያንዳንዱ ገዢ የሚያገኘውን ትርፍ ከፍ ለማድረግ ይገደዳል።

አጥሩም ቢሆን ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ካኖን በ2023 መጀመሪያ ‹‹አር8››ን በ1,499 ዶላር አወጣ። ይህ ካሜራ በ2,499 ዶላር ከወጣው ‹‹አር6 ማርክ 2›› ጋር ባለ 24 ሜጋፒክስል አንድ ዓይነት ሴንሰር አለው። ባትሪው ግን አነስተኛ ነው። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋው የሴንሰር መቆጣጠሪያም የለውም። የካርድ ማስገቢያውም አንድ ነው።

ነጋዴው ምን ይማር?

በአገራችን የሚሸጥ ካሜራ በሙሉ ከውጭ በምንዛሪ የሚገባ በመሆኑ፣ በውጭ አገር የሚታወጅ የ500 ዶላር ልዩነት አዲስ አበባ ሲደርስ ከባድ ገንዘብ ነው። ስለሆነም በዕቃው ላይ ገንዘቡን የሚያፈስስ ሰው ሊያስተውላቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ።

አንደኛ፣ ቅሬታው ከማን እንደመጣ መለየት ያስፈልጋል። የሚያማርረው ዕቃው ያልተሠራለት ሰው ከሆነ፣ ጩኸቱ ሽያጩን ላይጎዳ ይችላል። ካኖን ብዙ በተወቀሰባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ሌንስ በሚቀየርላቸው ካሜራዎች ሽያጭ ከ2003 ጀምሮ በየዓመቱ በዓለም አንደኛ መሆኑን ሲያሳውቅ ቆይቷል። አማተሩ ዝም ብሎ ይገዛል፤ ባለሙያው እየጮኸ ይጠብቃል።

ሁለተኛ፣ የሚጎዳው ዕቃ ከአጥሩ በላይ ያለው ነው። በአጥር የቆመ ዋጋ አጥሩ በፈረሰ ዕለት ይወድቃል። ስለዚህ አንድ ካሜራ ውድ የሆነው በእርግጥ የተሻለ ስለሆነ ነው ወይስ ከታች ያለው ስለተጎዳ? ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱ ሁለተኛው ከሆነ ብዙ ይዞ መቀመጥ አያዋጣም።

ሦስተኛ፣ ጊዜው አጭር ነው። ከ10ዲ እስከ 300ዲ ስድስት ወር፣ ከ6ዲ ማርክ 2 እስከ አልፋ 7 ማርክ 3 ስምንት ወር ብቻ ነበር። ካኖን ራሱ በፌብሩዋሪ 2019 በ6ዲ ማርክ 2 ሴንሰር ላይ የተመሠረተ ‹‹አርፒ›› የተባለ ካሜራ በ1,299 ዶላር ሲያወጣ፣ ሃያ ወር እንኳ በቅጡ አልሞላም ነበር። በ1,999 የተገዛ ዕቃ በመደርደሪያ ላይ እንዳለ የ700 ዶላር ቅናሽ ያለው ዘመድ መጣበት ማለት ነው።

አራተኛ፣ ሌንስ ከካሜራ ይልቅ ዕድሜ አለው። ካኖን በ1987 ለጀመረው ስልት የተሠራ ሌንስ በ2017ቱ ካሜራ ላይ ይሠራ ነበር፤ በአገናኝም ከዚያ በኋላ በመጡት ላይ ይሠራል። ከካሜራው አካል ይልቅ በጥሩ ሌንስ ላይ የዋለ ገንዘብ ቶሎ አያረጅም።

እንግዲህ ወደፊት አንድ መካከለኛ ካሜራ ይፋ ሲደረግና ፎቶ አንሺዎች ‹‹ይህ ጎደለው›› ሲሉ ሲሰማ፣ ነጋዴው ቀጥሎ ማጣራት ያለበት አንድ ነገር ነው፦ የጎደለውን ነገር በዚያው ዋጋ የሚሰጥ ሌላ አምራች አለ ወይስ የለም? ከሌለ አጥሩ ለጊዜው ይቆማል። ካለ ግን በላይኛው ዋጋ የተገዛውን ዕቃ ቶሎ መሸጥ ይበጃል።